ለዓይን ሞራ የባሕር አረም? ኧረ በሕግ!

መቼስ የባሕር በር የሌለው ሕዝብ የባሕር አረም አምላኪ ሲሆን ከማየት በላይ ምን ጉድ አለ? ሰሞኑን በየስልካችሁ ሲዞር ሳታዩት አትቀሩም። አረንጓዴ ብልቃጥ፣ ከጎኑ ነጭ ጋውን የለበሰ ፈረንጅ (ጋውን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነው ካልን እንግዲህ…)፣ ከሥሩ በደማቁ የተጻፈ ተስፋ፤ የዓይን ሞራን ይከላከላል፣ የጀመረውንም ይገፍፋል፣ ቀዶ ሕክምና ድሮ ቀረ! ምሥጢሩስ? ከጥልቅ ባሕር የተገኘ አንቲኦክሲዳንት። ዋጋውስ? በውስጥ መስመር ጠይቁን።

ኧረ በሕግ!

ከወዲሁ አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። እኔ ከአረሙ ጋር ጠብ የለኝም። ጃፓኖችና ኮሪያውያን በሩዝ ጠቅልለው፣ በሾርባ ቀቅለው ይበሉታል፤ ይመቻቸው። የእኔ ጠብ «ጥናት አረጋግጧል» ከምትባለው ሐረግ ጋር ነው። ጋዜጠኝነት ተምሬ ስወጣ አንድ ቁም ነገር ይዤ ወጥቼ እንደሆነ፣ ይህችን ሐረግ ባየሁ ቁጥር አራት ጥያቄ መጠየቅን ነው። ማን አጠናው? በማን ላይ? በስንት ሰው ላይ? ምን ተገኘ? እስቲ አራቱን ጥያቄ ይዘን ወደ አረሙ እንሂድ። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ሞራ ራሱ ምንድን ነው? ስሙን ያወጡት አባቶቻችን ጥሩ ተመልካቾች ነበሩ። ብሌን ውስጥ ነጭ ሆኖ ሲታይ እውነትም የበግ ሞራ የተጋረደ ይመስላል። ነገር ግን ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ ስብ አይደለም፤ ስለዚህ የሚገፈፍ ነገር የለውም። የምትደፈርሰው ከብሌኑ ጀርባ ያለችው የዓይናችን ሌንስ ራሷ ናት። ሌንሷ በአብዛኛው ውሃና ፕሮቲን ናት። ፕሮቲኖቹ በሥርዓት ተደርድረው እስከተቀመጡ ድረስ ብርሃን ያልፋል። ዕድሜ፣ ፀሐይ፣ ሲጋራና ስኳር በሽታ ሲፈራረቁባቸው ግን ይበላሻሉ፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ብርሃኑን ይጋርዳሉ። እንቁላል ስትጠብሱ ነጩ ክፍል መጀመሪያ ላይ እንደ ውሃ ጥርት ያለ አይደል? ሙቀት ሲያገኘው ነው ነጭ የሚሆነው። ነገሩ ይህን ይመስላል። የተጠበሰን እንቁላል ወደ ጥሬነቱ የመለሰች ባለሙያ ደግሞ እስከ ዛሬ አይተን አናውቅም። «የጀመረውን ሞራ ይገፍፋል» የሚላችሁ ሰው ይህችን ባለሙያ አገኘኋት እያላችሁ ነው።

«እሺ፣ መከላከልስ?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ። ፕሮቲኖቹን ከሚያበላሹት ነገሮች አንዱ ኦክሲዴሽን ነው፤ እኛ ዝገት ብንለው ብዙም አንሳሳትም። የተቆረጠ አቮካዶ ሲቆይ የሚጠቁረው በዚሁ ዓይነት ነገር ነው። ሎሚ ጠብ ስታደርጉበት ይዘገያል፤ አንዱ ምክንያት ሎሚው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ አንቲኦክሲዳንት መሆኑ ነው። የባሕር አረምም የራሱ አንቲኦክሲዳንቶች አሉት። ቡናማው አረም ውስጥ ፉኮዛንቲን የሚባል ቀለም አለ፤ ፍሎሮታኒን የሚባሉም አሉ። በዓይን ከማይታዩት ጥቃቅን አልጌዎች ደግሞ አስታዛንቲን ይወጣል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ውሸት እኮ ብቻዋን መንገድ አትወጣም፤ እውነትን ምርኩዝ አድርጋ ነው።

ስለዚህ ሐሳቡ በራሱ ሞኝነት አይደለም። ዝገት ሞራ ያመጣል፤ አረሙ ዝገትን ይከላከላል፤ እንግዲያው አረሙ ሞራን ይከላከላል። ሲሰሙት እንዴት ደስ ይላል! ችግሩ አቮካዶው ሳህን ላይ መሆኑ ነው፤ ሎሚው በቀጥታ ይነካዋል። ሌንሳችሁ ግን የደም ሥር እንኳ የላትም። የምትመገበው በዙሪያዋ ካለው ፈሳሽ ነው። የዋጣችሁት እንክብል ጨጓራን አልፎ፣ ከአንጀት ተመጥጦ፣ ጉበትን ተሻግሮ፣ በደም ዞሮ፣ ወደዚያ ፈሳሽ ሰርጎ፣ በመጨረሻ ሌንሷ ውስጥ መግባት አለበት። በ2008 የታተመ የጃፓን ጥናት ዋካሜ የሚባለውን አረም ለአንድ ሳምንት ሰዎችን አብልቶ ደማቸውን ሲመረምር፣ ከፉኮዛንቲን የሚመነጨው ነገር የተገኘው እጅግ በጣም በጥቂቱ ነበር። ይህ እንግዲህ ደም ውስጥ ነው። ዓይን ጋ ገና አልደረስንም!

«ታዲያ ጥናት አለ የሚሉትስ?» አለ፣ ማን የለም አለ? በማን ላይ? የሚለውን ጥያቄ የያዝነው ለዚህ ነው። አብዛኛው በአይጥ ላይ ነው። በጣም የታወቀው ዘዴ ይህን ይመስላል። ገና ዓይናቸውን ያልገለጡ የአይጥ ግልገሎች ሶዲየም ሴሌናይት የሚባል ኬሚካል ይወጋሉ፤ በቀናት ውስጥ ሌንሳቸው ይደፈርሳል። ከፊሎቹ አንቲኦክሲዳንት ይሰጣቸዋል፤ አስታዛንቲንም በዚህ መንገድ ተሞክሯል። የተሰጣቸው ግልገሎች ሌንስ ካልተሰጣቸው ይሻላል። ጥሩ ሳይንስ ነው፣ አልናቅሁትም። ለተመራማሪው በር ይከፍትለታል። ነገር ግን የእናታችሁ ሞራ በመርፌ ተወግተው በሦስት ቀን የመጣባቸው አይደለም፤ በስድሳ ዓመት ፀሐይ የመጣ ነው። አይጥ ላይ የሠራው ሁሉ ሰው ላይ ቢሠራ ኖሮ ዛሬ በምድር ላይ በሽታ ባልቀረ ነበር። የባሕር አረም የሰውን ሞራ እንደሚከላከል ያሳየ ትልቅ የሰው ሙከራ ደግሞ የለም።

የሚያናድደኝ ይህ አይደለም። የሚያናድደኝ የአረሙ ታላላቅ ወንድሞች ፈተና ተቀምጠው መውደቃቸውን ማንም አለመናገሩ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ኢንስቲትዩት ከ4,600 በላይ ሰዎችን ለስድስት ዓመት ያህል ተከታተለ። ለግማሾቹ ጠንከር ያለ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ እና ቤታ ካሮቲን ሰጠ፤ ለሌሎቹ አልሰጠም። ውጤቱ በ2001 ወጣ። በሞራው ላይ ልዩነት የለም! ተስፋ አልቆረጡም። ሁለተኛ ዙር ተጀመረ፤ ከ4,000 በላይ ሰዎች፣ በዚህኛው ሉቲንና ዚያዛንቲን። እነዚህ ሁለቱ እንደ አረሙ ቀለም ሩቅ ዘመድ ሳይሆኑ፣ ሰው ሌንስ ውስጥ በእርግጥ የሚገኙ ቀለሞች ናቸው። የ2013ቱ ውጤት፤ በጠቅላላው ሲታይ ለሞራ ቀዶ ሕክምና የሚደርሰውን ሰው ቁጥር አልቀነሱም። በ2012 ደግሞ ኮክሬን የተባለው የማስረጃ መርማሪዎች ስብስብ ዘጠኝ ሙከራዎችን፣ በድምሩ 117,272 ሰዎችን ደምሮ አየ። ቤታ ካሮቲን፣ ቫይታሚን ሲም ሆነ ቫይታሚን ኢ ሞራን እንደሚከላከሉ ወይም እንደሚያዘገዩ ማስረጃ አላገኘም።

ከመቶ ሺህ በላይ ሰው! እና እኛ የምንከራከረው በአይጥ ግልገል ነው።

እዚህ ላይ ሻጮቹ የሚጫወቱባትን አንዲት ጨዋታ ላጋልጥ። ያው የ2001ዱ ጥናት በሌላ የዓይን በሽታ ላይ፣ ማለትም በዕድሜ ምክንያት የሬቲና መሃል ሲጎዳ በሚመጣው በሽታ ላይ፣ ጥቅም አግኝቷል። ቫይታሚኑ ከዚንክ ጋር ሲሰጥ በሽታው ወደ ከባድ ደረጃ የመድረስ ዕድሉን በ25 ከመቶ ገደማ ቀንሷል። ሻጩ ይህችን ይዞ «ለዓይን መሥራቱ ተረጋግጧል» ይላችኋል። የትኛው ዓይን? የትኛው በሽታ? ጎማ ፈንድቶ ዘይት ቀይሬያለሁ እንደሚል መካኒክ ማለት ነው፤ መኪናው አንድ ቢሆንም ዕቃው ሌላ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል የሌላውንም ወገን ልናገር። በ1993 ከቻይና ሊንሺያን የወጣ ጥናት፣ ምግባቸው በጣም የተጎዳ ሰዎች ቫይታሚንና ማዕድን ሲሰጣቸው ከ65 እስከ 74 ዓመት ባሉት ዘንድ አንዱ የሞራ ዓይነት በ36 ከመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በ2014 የታተመ፣ በ14,641 የአሜሪካ ወንድ ሐኪሞች ላይ የተደረገ ሙከራ ደግሞ ተራ መልቲቫይታሚን ሞራን በ9 ከመቶ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። ታዲያ ይህ ምን ይነግረናል? የተራበ ሰውነት ምግብ ሲያገኝ ዓይኑም ይጠቀማል ነው። ይህ ስለ ጎመን፣ ስለ ካሮት፣ ስለ ብርቱካን የሚነገር ወሬ ነው። ጎመናችን እኮ የሉቲን ጎተራ ነው! ስለ ባሕር አረም ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ደግሞ እስቲ ጃፓንን ተመልከቱ። በዓለም ላይ የባሕር አረም በመብላት የሚስተካከላቸው ጥቂት ነው። አረሙ ሞራን ቢያስቀር ኖሮ የጃፓን የዓይን ሐኪሞች ሥራ ፈትተው ጎዳና በወጡ ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ጃፓን ውስጥ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሞራ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ለምን? ሰዉ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ ዕድሜ ደግሞ የሞራ ዋና እናት ነው። ጃፓናዊው አረሙን በቁርስ ሰዓት ይበላና፣ ሞራ ሲመጣበት ቀጠሮ ይዞ ይሠራዋል። እኛ ግን ቀጠሮውን ትተን አረሙን ቀዳን።

(በነገራችን ላይ «የባሕር አልጌ» ተብሎ ከሚሸጥላችሁ አንዱ ስፒሩሊና ነው። ስፒሩሊና የባሕር አረም አይደለም። ሶዳማ ሐይቅ ውስጥ የሚበቅል በዓይን የማይታይ ፍጥረት ነው፤ ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ አረንጓዴ የሆነው በእሱው ነው። የቤታችንን ነገር በዶላር መግዛት ማለት ይህ ነው።)

«ባይጠቅምስ ምን ይጎዳል?» የምትለዋ የመጨረሻ ምሽግ ናት። ሦስት ጉዳት ልቁጠርላችሁ።

አንደኛ፣ አዮዲን። አንድ ትልቅ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ያህል ነው። በ2004 የታተመ ምርመራ በአንድ ግራም የባሕር አረም ውስጥ ከ16 እስከ 8,165 ማይክሮግራም አዮዲን አግኝቷል። ልዩነቱን አያችሁት? የትኛው እንደደረሳችሁ በምን ታውቃላችሁ? ለብዙ ዘመን አዮዲን አጥሮት እንቅርት በኖረበት አገር፣ የቆየ እንቅርት ያለባቸው አዛውንት ድንገት ብዙ አዮዲን ሲወስዱ ታይሮይዳቸው ከልክ በላይ ሊሠራ፣ ልባቸው ያለ ሥርዓት ሊመታ ይችላል። ይህ ሐኪሞች ጠንቅቀው የሚያውቁት ነገር ነው። ሂጂኪ የሚባለውን የአረም ዓይነት ደግሞ የብሪታንያ የምግብ ተቆጣጣሪ በ2004 አርሴኒክ ስላለበት አትብሉት ብሎ አስጠንቅቋል። «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም፤ ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው።

ሁለተኛ፣ አንቲኦክሲዳንት ራሱ ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። በ1994 የታተመው የፊንላንድ ጥናት 29,133 ሲጋራ አጫሽ ወንዶችን ይዞ ነበር። ቤታ ካሮቲን የተሰጣቸው የሳንባ ካንሰራቸው በ18 ከመቶ ጨምሮ ተገኘ። ሊጠብቃቸው የተሰጣቸው እንክብል! ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ ሰው «ጥቂት ከጠቀመ ብዙ ይበልጥ ይጠቅማል» ማለቱን ትቷል።

ሦስተኛው ግን ለእኔ ከሁሉም የሚብሰው ነው። ጊዜ።

እኛ ሰፈር አንዲት እናት አሉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ቡና ሲፈላ ስኒውን በመዳሰስ ነበር የሚለዩት። ልጃቸው ከውጭ ብልቃጥ ላከላቸው። ዓመት ሙሉ ዋጡ። «ተሻለዎት ወይ?» ስንላቸው፣ «ልጄ ልኮልኝ እንዴት አይሻለኝም!» ይሉናል። የብልቃጡ ጉልበት ይኸው ነው፤ ዓይን ሳይሆን ሆድ ነው የሚያባብለው። በዚያ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደቁ። በኋላ ጎረቤት ገፋፍቶ አሠራቸው። በማግሥቱ ፋሻው ሲነሳ የመጀመሪያ ንግግራቸው፣ «ይሄ ግድግዳ መቼ ነው እንዲህ የጠቆረው?» ነበር። ሁላችንም ሳቅን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ሳቁን ዕንባ ቀደመው። ያቺ የባከነች ዓመት ግን የማን ዕዳ ናት? ሞራ እጅግ ሲበስል ዓይን ውስጥ ግፊት ፈጥሮ ነርቩን ሊያጠፋ እንደሚችል፣ ያን ጊዜ ቀዶ ሕክምናውም ላይመልሰው እንደሚችል የብልቃጡ ማስታወቂያ ላይ የጻፈ ሰው አላየሁም።

አሁን ወደሚሠራው ነገር እንምጣ። በ1949 ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ ሰው ዓይን ውስጥ አስቀመጠ። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን መስታወት ስባሪ የገባባቸውን አብራሪዎች አክሞ፣ ዓይናቸው ያን ዓይነት ፕላስቲክ እንደማይቆጣ አይቶ ነበር ሐሳቡ የመጣለት። ሌንሱ ለረጅም ጊዜ የሀብታም ዕቃ ሆኖ ቆየ። በኋላ ግን ሕንድ ውስጥ ከ1992 ጀምሮ፣ ኔፓልና ጎረቤታችን አሥመራ ላይ ደግሞ በ1994 የተከፈቱ ፋብሪካዎች ዋጋውን ከ10 ዶላር በታች አወረዱት። በ2007 የታተመ የኔፓል ሙከራ በ108 ሰዎች ላይ ውዱን ማሽንና ርካሹን የእጅ ቀዶ ሕክምና አወዳደረ። ርካሹ በአማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ወሰደ። ከስድስት ወር በኋላ በሁለቱም መንገድ ከተሠሩት 98 ከመቶው በመነጽር ታግዘው ጥሩ የሚባል ዕይታ ነበራቸው። ዘጠኝ ደቂቃ! አንድ ቡና አይፈላበትም።

የእኛስ አገር? በ2006 ይፋ የሆነው ብሔራዊ ጥናት 1.6 ከመቶው ሕዝብ ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ (49.9 ከመቶ) በሞራ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። ደግማችሁ አንብቡት። ከሁለት ዓይነ ስውር አንዱ በዘጠኝ ደቂቃ ሥራ ሊያይ የሚችል ሰው ነበር። የጎደለው አንቲኦክሲዳንት አይደለም። የጎደለው የዓይን ሐኪም፣ ቅርብ ሆስፒታል፣ የመጓጓዣ ብርና እጁን ይዞ የሚወስደው ሰው ነው። ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ጠብ መግጠም ያለብን እዚህ ላይ ነበር።

መከላከልም የምትፈልጉ እንደሆነ ሰልችቷችሁ የምትሰሙትን ነው የምነግራችሁ። ሲጋራ ተዉ። ስኳራችሁን ተቆጣጠሩ። ባርኔጣና መነጽር አድርጉ፤ በ1988 የታተመው የአሜሪካ የሜሪላንድ ዓሣ አጥማጆች ጥናት፣ በዕድሜ ዘመን የተጠራቀመ የፀሐይ ጨረር በእጥፍ ሲጨምር አንደኛው የሞራ ዓይነት በ60 ከመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ እኛ ደግሞ የምንኖረው ለፀሐይ በቀረበ ደጋ ላይ ነው። ለሚያሳክክ ዓይን ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዛችሁ ለወራት አታንጠብጥቡ፤ እሱም ሞራ ያመጣል። እነዚህ ሁሉ በብልቃጥ ስለማይሸጡ ማስታወቂያ የላቸውም።

አሁን ሁለት ቃል ለሁለት ወገን።

ለሙያ ጓዶቼ። የፈረንጅ ዜና ገልብጦ «ጥናት አረጋገጠ» ማለት ጋዜጠኝነት አይደለም። «በአይጥ ላይ» የምትለዋን ቃል ከርዕሱ ላይ ስታነሷት፣ ሆስፒታል መሄድ የነበረበትን ሰው ቤቱ አስቀመጣችሁት። በስፖንሰር የሚቀርብ የጤና ፕሮግራም ደግሞ ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ነው በሉት።

በዋሽንግተንም በዱባይም ላላችሁ ልጆች። ፍቅራችሁን አልጠራጠርም። ነገር ግን አሜሪካ ያላችሁ ብልቃጡን አዙራችሁ ጀርባውን አንብቡ። በ1994ቱ የአገሪቱ ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ተጨማሪ ምግቦች ከመሸጣቸው በፊት መሥራታቸውን ለመንግሥት ማስመስከር የለባቸውም። ስለ ሰውነት ጥቅማቸው ከተናገሩ ግን «ይህ ምርት ማንኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለማዳን ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም» የሚል ማሳሰቢያ መጻፍ ግዴታቸው ነው። ፋብሪካው ራሱ አልከላከልም ብሎ የፈረመውን ነገር እኛ ይከላከላል ብለን ስንማልለት ትንሽ አያሳፍርም?

ስለዚህ ለእናታችሁ ብልቃጥ አትላኩላቸው። የብልቃጡን ብር ለመጓጓዣው አድርጉትና፣ አገር ቤት ያለውን ታናሽ ወንድማችሁን ነገ ጠዋት ወረፋ አስይዙት።